ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረው ማስታወቂያ

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ቅዳሴ ሲፈጸም፥ ቆሞሱ ወይም ከምእመናን አንዱ ተነሥቶ የሚመጣውን ሳምንት ጉዳይ ለሕዝቡ ያስታውቃል። በዚያን ጊዜ አንዱ ነጠላውን ያስተካክላል፤ አንዱ ልጁን በዓይኑ ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ወደ በሩ ይመለከታል። ማስታወቂያውም በጆሮ ገብቶ ከደጀ ሰላሙ ሳይወጣ ይረሳል። ነገር ግን የአንድ ቁምስና ኑሮ ጤናማ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህች አጭር ንግግር ስለ ሆነ፥ ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ እርስዋ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ቁምስና ማለት በአንድ ቆሞስ ጠባቂነት ሥር የሚኖሩ ምእመናን ማኅበር ነው እንጂ፥ የድንጋዩና የቆርቆሮው ቤት ብቻ አይደለም። በ1832 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የገባው፥ የአገሩም ሰዎች አቡነ ያዕቆብ የሚሉት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆብ፥ አስቀድሞ ያሰበው ስለ ሕንጻ ሳይሆን ስለ ሰው ነበር፤ የአገሩን ቋንቋ ተማረ፤ የግእዙንም ሥርዓት አከበረ። ከርሱ ጋር የተባበረው የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል በ1847 ዓ.ም. በእስራት ሳለ ዐረፈ፤ በ1919 ዓ.ም. ብፁዕ ተባለ። አቡነ ያዕቆብም በ1968 ዓ.ም. ከቅዱሳን ጋር ተቈጠረ። በኢሮብ አገር እንደ ዓሊቴና ያሉ ቁምስናዎች ከዚያ ዘመን ጀምሮ የቆዩ ናቸው።

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንመለስ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚነገረው የጋብቻ ጉዳይ ነው፤ እገሌና እገሊት ሊጋቡ አስበዋልና የሚከለክል ምክንያት የሚያውቅ ይናገር ይባላል። ይህ ልማድ ለወግ ያህል የቆመ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1215 ዓ.ም. በላተራን የተሰበሰበው ጉባኤ በስውር የሚደረግ ጋብቻ ሴቲቱንም ልጆችንም እንዳይጐዳ ብሎ ደነገገው፤ በ1563 ዓ.ም. ደግሞ የትሬንት ጉባኤ ማስታወቂያው ሦስት ጊዜ እንዲነገርና ቆሞሱ የጋብቻን መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ። እንግዲህ ሚስት ያላት ወንድ ሌላይቱን እንዳያታልል የሚጠብቃት፥ ያን ጊዜ ጆሮውን ያቀና ሰው ነው።

ሁለተኛው ስለ ጥምቀትና ስለ ትምህርተ ክርስቶስ የሚነገረው ነው። የተጠመቀው ሕፃን ስም፥ የወላጆቹና የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስም፥ ቀኑም ጭምር በቁምስናው መዝገብ ይጻፋል፤ ልጁ አድጎ ባገባ ጊዜም ያው መዝገብ ላይ ይመለከትለታል። በጽሕፈት ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቻችን እንደምታውቁት፥ በችኰላ የተጻፈ አንድ ስም ከብዙ ዓመት በኋላ ትልቅ ችግር ያመጣል። ስለዚህ አባት የልጁን ስም ሲያስጽፍ ቆሞ ያንብብ፤ ሥራውን ለሞግዚት አይተውላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉ ልጆችም ትምህርት በጀመረ ቀን ይላኩ፤ በዓሉ ሲቃረብ ነጭ ልብስ ማሰፋት ብቻ ልጅን ማዘጋጀት አይደለም።

ሦስተኛው ስለ በዓላት ነው። በአገራችን ያሉ ካቶሊካውያን ልደትንና ፋሲካን የሚያከብሩት በአገሩ ዘመን አቆጣጠር ስለ ሆነ፥ በዓሉ ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻቸው በዓል ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ስለዚህ መስቀል፥ ልደት፥ ጥምቀትና ፋሲካ በመጡ ቍጥር፥ መሶቡ ለአንድ ቤት ብቻ እንዳይቀርብ አስቀድሞ ይታሰብ። መጥረጊያ የሚይዝ፥ ውሃ የሚቀዳ፥ መዝሙር የሚያጠና፥ እንግዳ የሚቀበል ሰው የሚፈለገው ከበዓሉ በፊት ነው፤ በዕለቱ አምሮ መምጣት ለሁሉም ቀላል ነው።

በመጨረሻ የሚነገረውና ፈጥኖ የሚረሳው ግን ስለ ሕሙማንና ስለ ችግረኞች ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. ፍሬደሪክ ኦዛናም የሚባል የሃያ ዓመት ተማሪ በፓሪስ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልን ማኅበር ሲመሠርት፥ ዋናው ሥራቸው ወደ ድኻው ቤት ራሳቸው ሄደው መጠየቅ ነበር። ይህ ማኅበር ዛሬ በብዙ አገር ይገኛል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በአገልጋይ እጅ የተላከ ብር እንጀራ ይገዛል፤ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ግን አይቀመጥም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ ቀድሞ ባለ ማዕርግ የነበረና ዛሬ የተቸገረ ሰው ነው፤ ለመለመን ያፍራል፤ ከቅዳሴም ይቀራል። ቦታው ባዶ መሆኑን አጠገቡ ይቆም የነበረው ሰው ካላስተዋለ፥ ቆሞሱ ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚታወሰው የሞቱ ዜና በዚያው ማስታወቂያ ሲነገር ነው፤ ያን ጊዜ የሚፈስሰው እንባ ግን ለሟቹ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ይህን ቢያደርግ መልካም ነው። ከልጆች አንዱ በየተራው ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ሰምቶ፥ በምሳ ሰዓት በአባትና በእናት ፊት ይድገመው፤ ልጁም ማድመጥን ይማራል። ከተነገረውም አንዱን ነገር ቤተ ሰቡ ለራሱ ይምረጥ፤ ወይም በሽተኛ መጠየቅ፥ ወይም ለበዓሉ መሥራት፥ ወይም ከቅዳሴ የቀረውን ጎረቤት ደጅ ማንኳኳት። ሁሉን ልሥራ የሚል ምንም ሳይሠራ ይቀራልና አንዱ ይበቃል። የሚሄደውም ሰው ማን እንደ ሆነና በየትኛው ቀን እንደሚሄድ ከማዕድ ሳይነሡ ይወሰን።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። የቁምስናም ሥራ እንዲሁ ነው፤ ለቆሞሱ ብቻ ከተተወ ያጐብጠዋል፤ ለየቤቱ ቢከፋፈል ግን ማንንም ሳያደክም ማኅበሩን ያስጌጣል።