የዘገየ እርማት

ዛሬ ፖለቲካውን ለሌላ ሳምንት አቆይቼ የቆየ ዕዳ ልክፈል።

እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ የፈረንጅ ነው) አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ጋዜጣ የውጭ ዜና እተረጉም ነበር። «ቢግል 2» የምትባል የእንግሊዞች መሣሪያ ዲሴምበር 25 ቀን፣ በፈረንጆቹ ገና ዕለት፣ ማርስ ላይ አርፋ የሕይወት ምልክት ልትፈልግ ቀጠሮ ነበራት። 33 ኪሎ ግድም ብትመዝን ነው። ከባይኮኑር በሩሲያ ሮኬት፣ በአውሮፓ የጠፈር ድርጅት መንኮራኩር ታዝላ ነበር የሄደችው። «ደረስኩ» ብላ የምታሰማውን ዜማ እንኳ «ብለር» የተሰኘው የሙዚቃ ቡድን ደርሶላታል።

እሷ ግን ጭጭ አለች። የጆድሬል ባንክ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ቢያዳምጥ፣ ቢያዳምጥ ምንም የለም። የዜና ወኪሎቹ «ድምጿ ጠፋ» አሉ። እኔ «ማርስ ላይ ተከሰከሰች» ብዬ ርዕስ ሰጠሁ። ማከስከሱ የራሴ ጭማሪ ነበር፤ ርዕሱ እንዲደምቅ።

የመሣሪያዋ አባት ፕሮፌሰር ኮሊን ፒሊንጀር ወቀሳው ወረደባቸው። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ገንዘቡ በጊዜ አለመረጋገጡንና መሣሪያዋ ራሷን እንደቻለች መንኮራኩር ሳይሆን እንደ ተራ ጭነት መታየቷን ነቀፈ። ሙሉው ሪፖርት ግን በ2004 ለሕዝብ አልወጣም፤ የታተመው በ2005 ነው። እዚያም አገር ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ ይከርማል ማለት ነው!

በጃንዋሪ 2015 ከናሳ መንኮራኩር የተነሡ ፎቶግራፎች ይፋ ሆኑ። ቢግል 2 ኢሲዲስ ከተባለው ሜዳ ላይ፣ ከታሰበላት ሥፍራ መሐል 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሰላም ተቀምጣለች። ዣንጥላዋም ከአጠገቧ ይታያል። በጊዜው በተሰጠው ማብራሪያ፣ የፀሐይ ብርሃን የሚቀበሉት አራት ሰሌዳዎች ሁሉም አልተዘረጉም። አንቴናው ያለው ደግሞ ከመጨረሻው ሰሌዳ ሥር ነው። ስለዚህ አፏ ተከድኖ ቀረ እንጂ ጉዞዋንስ ጨርሳ ነበር።

ፒሊንጀር ይህን አላዩም። በሜይ 2014፣ ስምንት ወር ሲቀረው፣ አረፉ።

ዜናውን ያነበብኩት እዚህ ስደት ላይ፣ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ነው። ርዕሴን ያተመው ጋዜጣ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እርማቱን የምልክበት ዴስክ አልነበረም። እንግዲህ ያኔ ያነበባችሁኝ ከዚህም ከዚያም ተበትናችሁ ካላችሁ፦

እርማት፦ «ማርስ ላይ ተከሰከሰች» የተባለው «ማርስ ላይ አረፈች» ተብሎ ይነበብ። ለስሕተቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።