ትኋንን ስንደብቅ ማንን እንጎዳለን?



ባለፈው ዕረፍት ከደባርቅና ከዳባት የመጣን ተማሪዎች አብረን ወደየቤታችን ተሳፈርን። እንደ ደረስን ሻንጣችንን አልጋ ላይ ወርወር አድርገን ቤተሰብ ወደ መሳም ሄድን። ብዙም ሳይቆይ ከእኛ የአንዱ ታናሽ እህት ክንዷ ላይ ሦስት አራት ቦታ በተርታ አብጦ ያሳክካት ጀመር። እናቱ ፍራሹን ገልብጠው አዩና ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ለገበያ የሚመጣ ዘመድ እዚያ ቤት አድሮ አያውቅም። ምክንያቱንም ለማንም አልተናገሩም።

ዶርም ውስጥ «ትኋን ከገጠር ይመጣል» እንባባላለን፤ አገር ቤት ደግሞ «ከከተማ ይመጣል» ይሉናል። ትኋን ክንፍ የለውም። የሚጓዘው በሻንጣ ስፌት፣ በብርድ ልብስና በአሮጌ ዕቃ ውስጥ ተደብቆ ነው። ያን ጊዜ ያጓጓዘው የእኛ ሻንጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ዶርማችን ውስጥ መኖሩን እያወቅን አፍረን ዝም ብለን ነበርና።

የሚያሳፍር ነገር ግን የለውም። በ2016 መጀመሪያ ፓሪስ ከተማ በትኋን ወሬ ስትታመስ ሰምተናል። ትኋን የሚፈልገው ደም ነው፤ ወደ ሰው የሚመራውም የሰውነት ሙቀትና ትንፋሽ ነው። የተዝረከረከ ቤት መደበቂያ ይሰጠዋል እንጂ የጸዳ ቤት አያባርረውም።

የአዋቂው ትኋን ቁመት 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አንዳንዱ ሰው ሲነከስ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ሌላው ከቀናት በኋላ ያብጣል። ስለዚህ «እኔን አልነከሰኝም» ማስረጃ አይሆንም። የፍራሹን ስፌትና የብረት አልጋውን የብሎን ቀዳዳ በባትሪ እንይ፤ ጥቋቁር ነጠብጣብና የተገፈፈ ቅርፊት ካለ እሱ አለ። እንደ ልብስ ቅማል ተስቦና ግርሻ አያስተላልፍም፤ በሽታ ማስተላለፉም አልተረጋገጠም። እንቅልፍ ግን ይነሳል፤ የታከከው ቁስልም ሊያመረቅዝ ይችላል።

«የደባርቅ ብርድ ይገድለዋል» የሚሉ አሉ። ከተማዋ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ብርዱ ትኋኑን ያዘገየዋል እንጂ አይጨርሰውም። ሳይበላ ወራት የሚቆየው ተባይ በብርድ ጊዜ እንዲያውም ረዘም ላለ ጊዜ ይጾማል።

ከሁሉ የሚያስፈራን ለሰብልና ለእህል ተባይ የተሠራውን ማላታይን ገዝቶ በተዘጋ ክፍል መርጨት ነው። የሚተነፍሰው እኛው ነን፤ ማታም ፊታችንን የምናሳርፈው እዚያው ፍራሽ ላይ ነው። ትኋንም መርዝ ይለምዳል፤ ዲዲቲን የተቋቋመ ትኋን ሃዋይ ውስጥ የታየው ገና በ1947 እ.ኤ.አ. ነበር።

ሙቀት ግን አይለመድም። ከ50 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ትኋኑም እንቁላሉም ይሞታል። አንሶላና ልብስ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ፤ ስፌቱ በካውያ ይተኮስ፤ የብረት አልጋው ወደ ውጭ ወጥቶ መጋጠሚያው ላይ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት። ወፍራም ፍራሽ ፀሐይ ላይ ቢውል ላዩ ቢሞቅም ውስጡ ቀዝቃዛ ስለሚሆን በዚያ ብቻ አንተማመን። አልጋው ከግድግዳ ይራቅ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉም ይደገም፤ ከእንቁላል የወጡት የሚገኙት ያኔ ነው። አንድ ክፍል ብቻውን ቢታገል ግን ከንቱ ነው፤ ጎረቤት ክፍሎችም በአንድ ቀን መነሳት አለባቸው።

ልብሳችን ላይ የደም ነጠብጣብ አይተን ሶላታችንን የምንጠራጠርም አለን። በመድረሳ የቀራናቸው የፊቅህ ኪታቦች የቁንጫና የትኋን ጥቂት ደም ይቅር የተባለ መሆኑን ይነግሩናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መኝታችን ስንሄድ በልብሳችን ጫፍ እንድናራግፈው አስተምረውናል። ከዚህ ሱንና በኋላ አልጋን መፈተሽ እንዴት ነውር ይሆናል?

ሌላውን መጉዳት ግን በዲናችን ክልክል ነው፤ እያወቁ የተበከለ ሻንጣ ይዞ እናት ቤት መግባትም መጉዳት ነው። ስለዚህ ያየ ሰው ዛሬውኑ ለክፍል ጓደኞቹና ለዶርም ኃላፊው ይንገር። የተነገረውም ሰው ወንድሙን አይሽሽ፣ አይማው፤ ፍራሹን በአንድ በኩል ይዞ አብሮት ያውጣ። ለዒድ ወደ አገር ቤት ስንሄድም ሻንጣችን ቤት ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ይራገፍ። የዳባቷ እናታችን ቤት እንደ ቀድሞው እንግዳ እንዲያድርበት አላህ ያግራልን፤ እኛም ሰበቡን እናድርስ።