ሰርተፍኬቱ እስከ የት ያደርሳል?

 

የዚህን ወር ዓምዳችንን ለንደን ለምትኖር አንዲት እህታችን ደብዳቤ ለቀንላታል። የሰፈሯ እናቶች ከመስጊዱ አጠገብ ባለ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሴቶች ብቻ ስፖርት እንድታሠራቸው ጠይቀዋታል። እሷም ፈቃደኛ ናት፤ በሁለት ቀን ኮርስ ያገኘችው ሰርተፍኬትም በእጇ አለ። ይሁን እንጂ ከተመዘገቡት አሥራ አራት ሴቶች መካከል አንደኛዋ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ የስድሳ ዓመት እናት፣ ሁለተኛዋ ኢንሱሊን የምትወጋ ወጣት፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ከወለደች ገና አምስት ሳምንት የሆናት አራስ መሆናቸውን ስትሰማ ፍርሃት ገባት። «ይህ ወረቀት እነዚህን ሦስቱን እንዳሠራ ይፈቅድልኛልን?» ስትል ጠይቃናለች።

አጭሩ መልስ «አይፈቅድልሽም» ነው። ነገር ግን ይህን ሙያ የሚመኙ ወጣቶቻችን ብዙ ስለሆኑ ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን ብንመለከተው ሳይሻል አይቀርም።

በእንግሊዝ አገር «የአካል ብቃት አሰልጣኝ» የሚለው መጠሪያ እንደ ፊዚዮቴራፒስት በሕግ የተጠበቀ ስም አይደለም። ማንም ተነስቶ አሰልጣኝ ነኝ ቢል የሚከሰው የለም። የሚጠይቁት ሌሎች ናቸው። ጂሙ ሲቀጥር፣ አዳራሹ ሲከራይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኢንሹራንስ ኩባንያው ውል ሲጽፍ «ደረጃሽ ስንት ነው? በየትኛው ዘርፍ?» ይላል። ሰው ተጎድቶ፣ ያሠራሽው ነገር ከሰርተፍኬትሽ ክልል ውጭ ሆኖ ከተገኘ፣ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል። ዕዳው በአንቺ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

የሙያው መነሻ ደረጃ 2 ነው። ይህ የጂም አስተማሪን ሥራ ይፈቅዳል፦ ለጤነኛ ሰው መሣሪያዎቹን ማሳየት፣ ቀለል ያለ ፕሮግራም ማውጣት፣ ሲሠራ መከታተል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ደረጃ 2 አንድ ወረቀት ብቻ ስለሚመስላቸው ነው። በጂም መሣሪያ ማሠራት አንድ ዘርፍ፣ ሰዎችን በቡድን አቁሞ መምራት ሌላ ዘርፍ፣ በውሃ ውስጥ ማሠራትም እንዲሁ ሌላ ዘርፍ ነው። ስለዚህ የጂም ሰርተፍኬት ያለው ወንድማችን በዚያው ወረቀት የአዳራሽ ቡድን ልምራ ቢል ከክልሉ ወጣ ማለት ነው። በነገራችን ላይ የቡድን ትምህርቱ በብዛት የሚሰጠው በሙዚቃ ምት ነው። ይህን የማይፈልጉ እህቶች ሰርኪት የሚባለውን ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በሰዓት እየተዘዋወሩ የሚሠሩት ስለሆነ ያለ ሙዚቃ ይሄዳል።

ደረጃ 3 የግል አሰልጣኝ ያደርጋል። አንድን ሰው ለብቻው ይዞ መመዘን፣ የወራት ዕቅድ ማውጣት፣ ስለ ጤናማ አመጋገብ ጠቅላላ ምክር መስጠት የሚቻለው በዚህ ነው። «ለስኳርሽ ይህን ብዪ፣ ያንን ተዪ» ብሎ ማዘዝ ግን የሥነ ምግብ ባለሙያ ድርሻ ነው፤ የ«ዳይቲሺያን» ስም ደግሞ በዚያ አገር በሕግ የተጠበቀ ነው። ሌላም ስሕተት አለ። ደረጃ 3 ከፍ ስለሚል በሽተኛን ለማሠራት ይበቃል ብለው የሚያስቡ አሉ። የግል አሰልጣኙ ወረቀት ግን አሁንም በመሠረቱ ለጤነኛ ሰው ነው። ሐኪም ወይም ነርስ «ስፖርት ይሥሩ» ብለው ደብዳቤ ጽፈው የላኳቸውን ሕሙማን ለመቀበል ራሱን የቻለ ሌላ የደረጃ 3 ኮርስ አለ። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ 4 በየበሽታው የተከፋፈለ ነው፤ የልብ ሕመም ያገኛቸውን ለማገገሚያ የሚያሠራ አንድ፣ ስትሮክ የመታቸውን ሌላ፣ የወገብ ሕመምተኞችን እንዲሁ ሌላ።

ይህ ሁሉ አጥር ለምን አስፈለገ? ወደ ሦስቱ ሴቶች እንመለስ።

ግፊት ያለባቸው እናት የሚወስዱት መድኃኒት ቤታ ብሎከር ከሚባሉት ወገን ከሆነ፣ መድኃኒቱ የልብን ምት አፍኖ ይይዛል። ተራው አሰልጣኝ የተማረው ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው፤ ለስድሳ ዓመት ሰው 160 ይሆናል። እናታችን ደክመው ሳለ ምታቸው ከመቶ በታች ሆኖ ሲያየው «በርቱ እናቴ፣ ገና ነዎት» ይላቸዋል። እሳቸውም እንዳያሳፍሩት ይበረታሉ። የተማረው አሰልጣኝ ግን ሰዓቱን ትቶ ድካማቸውን ይጠይቃል፤ እየሠሩ መናገር መቻላቸውንም ያያል።

ኢንሱሊን የምትወጋዋ እህት ስኳሯ በስፖርቱ ሰዓት ሊወርድ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ሌሊት በእንቅልፏ ሊወርድባት ይችላል። የስኳር መውረድ ምልክቱ ማላብና መንቀጥቀጥ ነው፤ ስፖርት የሚሠራ ሰውም ያልባል፣ ጡንቻውም ይንቀጠቀጣል። ያልተማረ ዓይን በምን ይለያቸዋል? በረመዳን ጾም ላይ ሆና ልሥራ ብትል ደግሞ ጉዳዩ ከአሰልጣኝ ይልቅ ከሐኪሟ ጋር የሚመከርበት ነው።

አራሷስ? የሆዷ ጡንቻ በእርግዝና ጊዜ ግራና ቀኝ ተለያይቶ ገና አልተገናኘ ሊሆን ይችላል። ሆዴን ልመልስ ብላ ተጋድማ እየተነሳች ብትሠራ የባሰ ልታደርገው ትችላለች። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት እንደ ሩጫና ዝላይ ያለው ከባድ ስፖርት ከስድስተኛው ሳምንት ምርመራ በኋላ እንዲጀመር ይመክራል። የእናቶቻችንን አርባ ቀን ቀርቦ ሲገኝ ማየት ደስ ይላል። እርጉዞችንና አራሶችን ለማሠራትም የተለየ ተጨማሪ ኮርስ አለ።

አሁን ወደ ሁለት ቀኑ ሰርተፍኬት። እህታችን ቅጂውን ልካልናለች፤ ወርቃማ ማኅተም አለው፣ ደረጃ ግን የለውም። የመሰከረው በኮርሱ ላይ መገኘቷን ብቻ ነው። ያስተማራትን ድርጅት ስም መጥራት አንፈልግም፤ ገንዘቧን ግን በላ። በእንግሊዝ የትምህርት ማስረጃዎችን የሚቆጣጠረው ኦፍኳል የተባለው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ እውቅና ያገኙ ሰርተፍኬቶች በሙሉ በመዝገቡ ይገኛሉ፤ መዝገቡን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማየት ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት የኮርሱን ስም እዚያ ፈልጉ። ሲምስፓ የተባለው የሙያ ተቋም የተቀበለው መሆኑንም ጠይቁ። እህቶች ሆይ፣ የተግባር ፈተናው በፈታኝ ፊት እየሠሩና እያሠሩ ስለሆነ ሴት ፈታኝ ይኖር እንደሆነ ከምዝገባ በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከከፈሉ በኋላ መከራከር ይከብዳል። ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ ትምህርትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. የ2010 የእኩልነት ሕግ በቂ ምክንያት ሲኖር ይፈቅደዋል።

በአሜሪካ ያላችሁ አንባቢያን ይህን ቁጥር አትፈልጉ፤ እዚያ የሚጠየቀው የሰጪው ድርጅት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተውን የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ብንወስድ፣ የግል አሰልጣኝነት ፈተናውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰና 18 ዓመት የሞላው ሊቀመጥለት ይችላል፤ ከሕሙማን ጋር የሚያሠራው ግን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪና በተግባር የተሠራ የሕክምና ልምምድ ይጠይቃል። አጥሩ በሌላ ስም ያው ነው።

እህታችን መልሳችን ከደረሳት በኋላ ደግማ ጽፋልናለች። በደረጃ 2 የቡድን ኮርስ ተመዝግባለች፤ ቀጥላም የሐኪም ደብዳቤ የያዙትን የሚያሠራውን ልትማር አስባለች፣ ኢንሻ አላህ። በካናዳ የተዘጋጀውንና በየጂሙ የሚሞላውን የሰባት ጥያቄ ቅጽ ወደ አማርኛ መልሳ ለሁሉም አድላለች፤ አንዱን እንኳ «አዎን» ያለች ወደ ሐኪሟ ትሄዳለች። አዳራሹ እስኪከፈት ሴቶቹ ቅዳሜ ጠዋት በመናፈሻው አብረው ይራመዳሉ። ለዚህ ሰርተፍኬት አያስፈልግም። እናታችን ሐኪማቸውን ጠይቀው መጥተዋል፤ አራሷም ሕፃኗን በጋሪ እየገፋች ከኋላ ትከተላለች።