«ማን ንካ አለህ?» ስለሚሉ ሰዎች

በአገራችን አንድ ልጅ አንድን ዕቃ አበጃለሁ ብሎ ባበላሸ ጊዜ ሸንጎው ወዲያው ይሰበሰባል፤ ፍርዱም ከክሱ በፊት ተጽፎ ይቆያል። «ማን ንካ አለህ?» ይላል አንዱ፤ «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ብሎ ሌላው ይከተላል፤ ነገሩም በሣቅ ይዘጋል። እኔ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ እላለሁ። ምሳሌው የሚነቅፈው አለማወቅን ነው፤ እኛ ግን ልጁን ሂድና ዕወቅ አንለውም፤ እጅህን ሰብስብ እንለዋለን እንጂ።

ነገሩ ባዶ ቃል እንዳይሆን አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። የእኅቴ የልጅ ልጅ አጎቱ ከሚሠራበት ከዐረብ አገር አንድ ተንቀሳቃሽ ዋይፋይ ተላከለት፤ ይኸውም ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፣ ሲም ካርድ ጎርሶ ኢንተርኔትን ለቤቱ ሁሉ የሚያድል ትንሽ ሣጥን ነው። ሣጥኑን የሸጠው ድርጅት ግን ከራሱ ሲም ካርድ በቀር የሌላ እንዳይቀበል ቆልፎታል። ሙሉ ዋጋው ተከፍሎበት፣ ባሕር ተሻግሮ፣ እዚህ ሲደርስ የማያገለግል ዕቃ ሆነ። ልጁም ሌላ ሶፍትዌር አውርዶ ሊጭንበት ተነሣ። ያወረደው ሶፍትዌር በስሙ የዚያው ሞዴል ነበር፤ ነገር ግን ለሌላ እትም የተሠራ ነው፤ ልዩነቱም ከባትሪው ሥር በተለጠፈችው ወረቀት ላይ በአንዲት አኃዝ ብቻ ይታወቃል። መብራቱ ቦግ አለና ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ አልነቃም። የሞባይል ጠጋኞች «ሞቷል» አሉት፤ ፈረንጆቹ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዕቃ «ጡብ ሆነ» ይሉታል። አባቱ፣ እኔም የማከብራቸው ሰው ናቸው፣ ኮምፒውተሩን ለአንድ ወር ነጠቁት።

በሣጥኑ ውስጥ የሆነው ግን ምንድር ነው? ሶፍትዌሩ የሚቀመጠው ፍላሽ በሚባል ቺፕ ላይ ነው። በፍላሽ ላይ አዲስ ነገር ለመጻፍ የነበረውን አስቀድሞ ማጥፋት ግድ ነው፤ የድሮ ጸሐፊ አሮጌውን ብራና ፍቆ እንደሚጽፍበት ያለ ነው። ከሁሉ በፊት ነቅቶ ሌላውን የሚቀሰቅስ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። እርሱ ከተረፈ፣ በሰሌዳው ላይ ባሉት ጥቃቅን ነጥቦች ሽቦ አስይዞ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘትና መልሶ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይቻላል። እርሱም ከተፋቀ፣ ቺፑን በልዩ መሣሪያ በቀጥታ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ይህ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። የከፋው ግን ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ሣጥን መለያ ቁጥርና ሬዲዮው የተስተካከለበት ልክ ብዙ ጊዜ በዚያው ቺፕ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ከጠፋ ከሌላ ሣጥን ተቀድቶ አይተካም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ልጁ የሚወቀሰው ስለ ነካ አይደለም፤ አኃዟን ሳያነብ፣ የነበረውንም ሳይገለብጥ ስለ ፋቀ ነው። አንድ ብቻ ያለውን ዳዊት ግልባጩን ሳያስቀር የሚፍቅ ጸሐፊ ማን አይቶ ያውቃል? ይህን ብሎ የገሠጸው ሰው ግን በዚያ ሸንጎ ውስጥ አንድም አልነበረም። የተነገረው «አትንካ» ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜም በድብቅና በችኮላ ይነካል።

ደግሞስ ሣጥኑ በአንዲት ስሕተት ይሙት ብሎ የደነገገ ማነው? ተፈጥሮ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ኦፕንዋርት ዋን የተባለ ራውተር ለገበያ ወጥቷል። ሁለት የተለያዩ የፍላሽ ቺፖች አሉት፤ አንዱ ቢበላሽ ትንሽ መቀያየሪያ ገፍቶ በሁለተኛው ማስነሣትና የተበላሸውን መጠገን ይቻላል። ዋጋው 89 ዶላር ነበር። ሰው ይሳሳታል ብሎ አስቀድሞ ማሰብ የሚቻል ኖሯል! ሳያስቡ የሠሩና የቆለፉ ሰዎች ግን በሸንጎው ፊት ስማቸው እንኳ አይነሣም፤ የሚከሰሰው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ብቻ ነው።

ኦፕንዋርት ራሱ የተወለደው ከነኪዎች እጅ ነው። በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ ደብልዩአርቲ54ጂ የሚባል ራውተር አወጣ። በ2003 ሰዎች ውስጡን መርምረው ሊኑክስ እንዳለበት አገኙ፤ የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ከዕቃው ጋር የሚያሠራጨው ሁሉ ምንጭ ጽሑፉን እንዲሰጥ ያስገድዳል። በዚያው ዓመት ምንጩ ተገለጠ፤ በ2004 ኦፕንዋርት ተጀመረ፤ ዛሬ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ራውተሮች ላይ ይሠራል። በ2025 ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ሬይሃንተር የሚባል ሶፍትዌር አወጣ፤ ኦርቢክ በሚባል ርካሽ ተንቀሳቃሽ ዋይፋይ ላይ ይጫንና፣ የስልክ ማማ መስለው ሰውን የሚሰልሉትን መሣሪያዎች ለመለየት ይረዳል። ይህ ሁሉ «ማን ንካ አለህ?» ተብሎ ቢሆን ኖሮ አይገኝም ነበር።

«ዕቃ በብዙ ብር ይገዛል፤ ድኻ እየሰበረ ሊማር አይችልም» የሚሉኝ አሉ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ የእናት ቁጠባ በአንድ ሌሊት ሲጠፋ አይቻለሁና። ነገር ግን ያ ሣጥን ሳይነካ በፊት ሕፃን ከማጫወት በቀር ምን ያገለግል ነበር? ሀብታም ቢቆለፍበት ሌላ ይገዛል፤ የተዘጋውን መክፈት የሚያስፈልገው ይልቁን ድኻው ነው። ለመለማመጃ ከሆነም በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሞተ ራውተርና የሞተ ስልክ አይጠፋም፤ ሞቶ የተገዛውን ዕቃ ማንም ገደልህ አይልም።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረን። ነበረን ማለት እንኳ ይከብደኛል፤ በቁም ሣጥን ተቆልፎ በመስተዋቱ በኩል እናየው ነበር። ትልቅ እንግዳ በመጣ ቀን ተወልውሎ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ይመለሳል። እኔ ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ አንድም ቀን አልተሰበረም። የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ያየሁት መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው።