የበግና የበሬ ዐይን ሲቆስል

በወልድያና በመርሳ ዙሪያ ባለው የገበሬ ቤት፣ አንድ በግ ወይም አንድ በሬ ዐይኑን ጨፍኖ እንባው በጉንጩ ሲወርድ በታየ ጊዜ፣ በማግስቱም በዐይኑ ላይ ነጭ ነጥብ በወጣ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ አፍ «ሞራ ጋረደው» ይላል። ሞራ ከተባለም የሚገፈፍ ነገር ነውና መግፈፊያው ይፈለጋል። አንዱ ጨው አድቅቆ ይነሰንስበታል፤ ሌላው ትንባሆ አኝኮ እንትፍ ይልበታል። ይህን የሚያደርግ ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ስለ እንስሳው ተጨንቆ ነው። ያሳሳተው ስሙ ነው።

ሞራ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት የተለያዩ ደዌዎችን ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛው ከብሌኑ በስተ ኋላ፣ በዐይን ውስጥ ያለው የብርሃን ማሳለፊያ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው፤ በሽማግሌዎች ዐይን የምናየውና ሐኪም በቀዶ ሕክምና የሚያወጣው ይህ ነው። ሁለተኛው ግን ከዐይን ፊት ለፊት፣ እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ ዐይኑን በሸፈነው በኮርኒያ ላይ የወጣ ቁስል ነው። በዚህ ጊዜ የሚታየው ነጭነት በላዩ የተደረበ ቆዳ አይደለም፤ የተጫረው ሽፋን ራሱ ውኃ ቋጥሮ ደፍርሶ ነው። እንግዲህ የሚገፈፍ ነገር ከሌለ ጨውና ትንባሆ የሚገፍፉት ምንድን ነው? ጤናማውን ሥጋ ነው። ቁስሉ እየጠለቀ ሄዶ ሽፋኑን የበሳ እንደ ሆነ ዐይኑ ይፈስሳል። ጨው ተነስንሶበት የዳነ በሬ አለ የሚል ሰው አይጠፋም፤ በእውነትም አለ፤ ትንሽ ጭረት በራሱ ጊዜ የሚድን ስለ ሆነ ከጨውም ተርፎ ይድናል።

መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ አንባቢ፣ የጦቢት ዐይን ነጭ ተገፍፎ የዳነው በዓሣ ሐሞት አይደለምን ይል ይሆናል። ያ ግን በመልአኩ በቅዱስ ሩፋኤል ቃል የተፈጸመ ተአምር ነው፤ በጓሮ ለሚሞከር መድኃኒት ትእዛዝ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

የቁስሉን ምክንያት ማወቅ የሕክምናው እኩሌታ ነው። በደጋው የገብስና የስንዴ ሹል ጢም፣ በሀብሩ ቆላ የአውድማ እብቅና የግራር እሾህ ዐይንን ይጭራሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ለአጥር የምንተክለው ቅንጭብ ነው፤ ቁልቋልም ያው ነው። ቅርንጫፉ ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተት ዐይን ውስጥ ከገባ እንደ እሳት ያቃጥላል። ያን ጊዜ ሐኪም እስኪገኝ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ ያስፈልጋል። ይህ ለልጆቻችሁም ዐይን ነውና፣ አጥር ሥር ለሚጫወቱት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጭረት ሳይኖር ደግሞ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚተላለፍ የዐይን በሽታ አለ፤ ዝንብ ከአንዱ እንባ ወደ ሌላው ታደርሰዋለች። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት በጎች እንባ ካፈሰሱ፣ ነገሩ እሾህ አይደለም፤ የታመሙትን ለይቶ ማሰር ይገባል።

በቤት የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው፤ ጥቂትነቱም መልካም ነው። እንስሳውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ማስገባት፤ የቆሰለ ዐይን ብርሃንን ይፈራልና። አንድ ሊትር ውኃ አፍልቶ፣ 9 ግራም የታሸገ የወጥ ጨው፣ ይኸውም ሁለት ለመሙላት ጥቂት የጎደለው ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨምሮ ማቀዝቀዝ። (ይህ ጨው ቀድሞ ከነቀፍነው የተለየ ነው፤ በዚህ ልክ ሲቀልጥ ከእንባ ጋር ይመሳሰላልና አያቃጥልም።) ከዚያም አንድ ሰው ራሱን ያዝ አድርጎ፣ ሌላው በንጹሕ ጨርቅ እየጨመቀ ያንጠባጥብበታል። ማሸት የለም። እብቁ ታጥቦ ከወጣ መልካም፤ ተሰክቶ ከቀረ ግን በጥፍርም በወረንጦም አይነካም፤ ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ከሥራው በፊትም በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ከበግ ወደ ሰው ዐይን የሚተላለፍ ተህዋስ አለና።

አሁን ወደ ሣጥናችሁ ልግባ። በአማራ ክልል የትራኮማ ዘመቻ ለብዙ ዓመታት ስለ ተካሄደ፣ ለሕፃን የተሰጠ የቴትራሳይክሊን ዐይን ቅባት ከአንዳንዱ ቤት አይጠፋም። ይህ 1 በመቶ የሆነው ቅባት ለእንስሳም ዐይን ያገለግላል፤ ሐኪም ሲያዝም በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይቀባል። ነገር ግን በዚያው ስም 3 በመቶ ሆኖ የሚሸጠው ለቆዳ የተሠራ ነውና ለዐይን አይሆንም። ቀኑ ያለፈበትም አይሆንም። ከእነዚህም ይልቅ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ሌላ ነው፤ በብልቃጡ ላይ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ሃይድሮኮርቲዞን የሚል ካነበባችሁ፣ በቆሰለ ዐይን ውስጥ አታንጠባጥቡት። በመጀመሪያው ቀን ቅላቱ ይጠፋና «ፍቱን ነው» ያሰኛል፤ በስውር ግን ቁስሉ እንዳይጠግግ ያደርጋል፣ ለተህዋሱም በሩን ይከፍትለታል። ከቤት ልጆች መካከል ማንበብ የሚችል አንዱ ብልቃጡን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ለዚህም ነው ትምህርት ቤት የምንልካቸው።

ለፋሲካ የተገዛ በግ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ሐኪሙ መርፌ ከወጋው፣ ሥጋው ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ፣ ላም ከሆነችም ወተቷ መቼ እንደሚጠጣ ሳትጠይቁ አትመለሱ። ቀኑ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል፤ በዓሉ ደረሰ ተብሎም አያጥርም።

አንዳንዱ አባወራ «ለአንድ በግ ዐይን ይህ ሁሉ ድካም?» ይላል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ገበሬውን ያለ በሬ እንዴት እንዳስቀረው አያቶቻችን ነግረውናል። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ የጥማድ በሬ ዋጋ ግን ዛሬም ያው ነው። አንድ ዐይኑ የጠፋ በሬ በእርከን ጫፍ ላይ ሲታረስበት ይሰናከላል፤ በገበያም ዋጋው ይወድቃል።

ትንሽ ንጹሕ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠግጋል። በሁለተኛው ቀን ዐይኑ ካልተከፈተ፣ መግል ካፈሰሰ፣ ወይም ከነጩ መካከል የጎደጎደ ወይም የወጣ ነገር ከታየ፣ በዚያው ቀን ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ መንዳት ነው። ከዳነም በኋላ የነጣ ጠባሳ ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዘለቄታው ይቀራል። እንባው ከቆመና ዐይኑን ከከፈተ ጠባሳው አያመውም፤ ጎረቤት መጥቶ «ልግፈፍለት» ቢላችሁ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።