ነጩን ለሙሽራዋ ተዉላት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ልብስ ነው። “ሌላ የምትጽፈው አጣህ እንዴ?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን አንዲት ልጅ ባቡር ውስጥ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስታለቅስ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው፣ የልብስ ነገር ቀላል አይመስለውም። በተለይ ደግሞ “ልበሺው! ምን አባታቸው!” ብሎ ያስለበሳት እሱ ራሱ ከሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ፣ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ልጅቷ ነርስ ናት። አብራት የምትሠራ ጀርመናዊት ልታገባ ነውና የጥሪ ካርድ ላከችላት፤ “አንድ ሰው ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ” ይላል። ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩ። ካርዱ ላይ ሰዓቱ ከነደቂቃው ተጽፏል። መምጣት አለመምጣታችሁን እስከዚህ ቀን አሳውቁን ይላል። ከታች ደግሞ የሙሽራዋ ስልክ ቁጥር አለ። ይቺን ስልክ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከሰርጉ በፊት ባለው እሁድ ቡና ተፈላ፣ የሰፈሩ ሀበሻ ተሰበሰበ። የስብሰባው አጀንዳ “ምን ትልበስ?” ሆነ።

“የሀበሻ ቀሚስሽን ነዋ! ያንን ነጩን! አገር ያለሽ ሰው መሆንሽን ይወቁ” አሉ አንዲት እትዬ።

“ኧረ እትዬ፣ ፈረንጅ እኮ ለልብስ ግድ የለውም። በጂንስ ብትሄድስ ማን ያያታል?” አለ ሃያ ዓመት እዚያ የኖረ ሰውዬ።

እኔም በተራዬ እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠርጌ “ባህልሽን አሳያቸው!” አልኩ። ሦስተኛው ቡና ተጠጣ፣ ተመረቅን፣ ተበተንን። አንድም ሰው ስልኩን አንስቶ ሙሽራዋን አልጠየቀም።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለነው ስልሳ ሰው ብንሆን ነው። እኛ አገር ስልሳ ሰው ማለት ድንኳን የሚተክለው ብቻ ነው አይደል? እዚያ ግን ሰርጉ ይኸው ነው። እያንዳንዱ እንግዳ ታስቦበት፣ ስሙ በወንበሩ ፊት ተጽፎ ነው የሚጠራው። የአክስቴ ልጅ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባለ ወርቃማ ጥለት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ስትገባ ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ሙሽራዋ ገባች። ቀለል ያለች፣ ምንም ጌጥ የሌላት ነጭ ቀሚስ ነበር የለበሰችው።

አንዲት አሮጊት ጮክ ብለው “ሁለት ሙሽራ ነው እንዴ ያለው?” ብለው ጠየቁ። የተወሰነ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። ፎቶ ሲነሣ ፎቶ አንሺው በትህትና እጇን ይዞ ከኋላ፣ ዳር ላይ አቆማት። ያኔ ገባት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

እኔስ? ሙቀቱ ሲበረታብኝ ኮቴን አውልቄ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ወንዶች ላባቸው እየተንጠባጠበ ወደ ሙሽራው ያያሉ። ሙሽራው ኮቱን ሲያወልቅ፣ ትእዛዝ እንደደረሰው ጦር ሁሉም አንድ ላይ አወለቁ። ለካ ሙሽራው ሳያወልቅ አይወለቅም ኖሯል!

እንግዲህ አሁን ክርክሩን እንክፈት። ይህን ታሪክ ለሀበሻ ወዳጆቼ ስነግራቸው ግማሹ በእኔ ላይ ይነሣል። “ባህሌን ለፈረንጅ ስል ልደብቅ ነው?” ይሉኛል። ማን ደብቁ አለ? ሽሮ ሜዳ ብትወጡ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ የሀበሻ ቀሚስ ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። የተከለከለው ነጩ ነው እንጂ ኢትዮጵያዊነቱ አይደለም። እንደውም ባቫሪያ ብትሄዱ ራሳቸው የአገር ልብሳቸውን ለብሰው የሚጠብቋችሁ ባለ ሰርጎች አሉ፤ ሴቶቹ ሽርጥ ያለው ድርንድል የሚባል ቀሚስ፣ ወንዶቹ የቆዳ ሱሪ። በአገር ልብስ መኩራትን ጀርመን ከማንም ሊማር አይገባም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ “ነጭን ለሙሽራ ብቻ የሰጠው ማነው? ትናንት የመጣ ልማድ ነው” ይላል። እውነቱን ነው። በጀርመን ገጠሮች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙ ሙሽሮች የሚያገቡት በጥቁር ቀሚስ ነበር፤ በኋላም ለቤተ ክርስቲያንና ለበዓል ስለሚለበስ ብክነት የለውም። የነጩ ፋሽን የገነነው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 በነጭ ካገባች ወዲህ ነው። ታዲያስ? የኛስ ቬሎ ከየት መጣ? ከላሊበላ ነው እንዴ? ከዚያው ከፈረንጅ ነው የተዋስነው። ግን እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ተጋባዥ ቬሎ ለብሳ ሰርግ ቤት ትግባ! ሚዜዎቹ ከመድረሳቸው በፊት የሙሽራዋ አክስቶች አይጨርሷትም? ልማዱ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ቀኑ የልጅቷ ነው።

ሦስተኛዎቹ “ባታውቅ ነው፣ ፈረንጅ ይረዳል” የሚሉት ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚያናድዱኝ እነዚህ ናቸው። እኛ እኮ በነጠላ የምንነጋገር ሕዝብ ነን! ጥለቱ ወዴት እንደዞረ አይተን ሰውየው ከለቅሶ ይምጣ ከደስታ የምናውቅ ነን። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሰርግ ቤት የምትገባ ሴት ብናይ “አላወቀችም” ብለን እናልፋለን? “አሟረተችብን!” ነው የምንለው። ቱሪስት በቁምጣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ በግናችን አይደል የምናባርረው? እንዲህ ልብስን የምናነብ ሰዎች፣ የሰው አገር ስንደርስ እንዴት ማይም እንሆናለን?

ደግሞስ ማወቁ ምን ያህል ከባድ ነው? ጀርመን አገር የሰርግ ልብስ እንደ ቦታው ይለያያል። በሰርጉ ዋዜማ ፖልተርአቤንድ የሚሉት ነገር አለ፤ ዘመድ ጎረቤት አሮጌ ሳህንና ሲኒ እያመጣ ደጃፍ ላይ ይሰብራል፣ ሙሽሮቹ ስብርባሪውን ይጠርጋሉ፣ ገድ ነው ይባላል። እዚያ ሐር ለብሶ የሚሄድ ሞኝ ነው፤ የሥራ ልብስ ይበቃል። በሕግ የሚጸናው ጋብቻ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ በመላ አገሩ የመዝገብ ቢሮው ነው፤ እዚያ ሥርዓቱ አጭር ስለሆነና ከኋላ ሌሎች ተጋቢዎች ስለሚጠብቁ፣ ጨዋ ልብስና ሰዓት ማክበር ነው ዋናው። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ትከሻን መሸፈን። ጥቁር ቀሚስ ድሮ የሐዘን ነው ይባል ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች ይለብሱታል፣ ሽማግሌዎች ግን አሁንም ፊታቸው ሊጠቁር ይችላል። ካርዱ ላይ የልብስ ዓይነት ከተጻፈ ደግሞ ጌጥ አይደለም፣ መመሪያ ነው። ይኼው ነው! ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

የኛ ችግር አለማወቅ አይመስለኝም። የሰው ሰርግ ላይ ራሳችንን ልናሳይ መሄዳችን ነው። እዚህም እኮ ያው ነን፤ ተበድረን ሱፍ እንገዛለን፣ የጎረቤት ሀብል ተውሰን “የሰው ወርቅ አያደምቅ” የሚለውን ረስተን እንደምቃለን። ሙሽራዋ ምን ትላለች ሳይሆን “ሰዉ ምን ይለኛል?” ነው ጭንቀታችን። እኔም ያን ዕለት ያሰብኩት ስለ ኢትዮጵያ አልነበረም። ዞር ብለው እንዲያዩን ፈልጌ ነው። አዩንም።

ሰኞ ዕለት የአክስቴ ልጅ አበባ ይዛ ሥራ ገባች። ሙሽራዋ ከሠርጉ ማግስት ለጥቂት ቀን እረፍት ላይ ስለነበረች አበባው ቢሮ ውስጥ ጠወለገ። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ባዶ እጇን ይቅርታ ጠየቀቻት። ሙሽራዋም “ቀሚስሽ በጣም ያምር ነበር” አለቻት፤ ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ “ደውለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ የአገርሽን ባለ ቀለሙን ለብሰሽ ነይ እልሽ ነበር። ከፊት ከእኔ ጋር ነበር የምትቆሚው” አለቻት። ዛሬ አብረው ይሠራሉ፤ ሰላምታም አላቸው። ግን እንደ ድሮው ምሳ አብረው አይበሉም። ለእኔ ስትነግረኝ “ጋሼ፣ እኔን እኮ አልጠላችኝም። ፎቶዋን ባየች ቁጥር ግን ዳር ላይ ነጭ ነገር ይታያታል” አለችኝ።

እናም ወገኖቼ፣ በእናንተም ቡና ላይ “ለፈረንጅ ሰርግ ምን ልልበስ?” የምትል ልጅ ከመጣች፣ እንደኔ ጉሮሮ አትጥረጉ። ካርዱን አምጪ በሏት። ስልኩ ከታች ተጽፏል። ደውላ ባለቤቷን ትጠይቅ።

መልካም ሰንበት!