ስለ ሐኪም ጋራ እርከን፤ የምክር ቤት አባልም ለነዋሪው ስለሚያመጣው ወሬ

ሐኪም ጋራ ከሐረር ከተማ በስተ ደቡብ ቆሞ ጀጎልን ቁልቁል የሚመለከት ተራራ ነው። ስሙን ያገኘው መታሰቢያቸው በላዩ ከሚከበረው ከአው ሐኪም ነው። በተራራው ጎንና ግርጌ ያለው ሕዝብ ግማሹ ከተሜ፥ ግማሹ ባላገር ነው፤ ጧት ጫቱንና አትክልቱን ይለቅማል፥ በቡዳ በር ወይም በሸዋ በር ወገን ወደ ገበያ አግብቶ ይሸጣል፥ ማታ ወደ ተራራው ይመለሳል። በአስተዳደርም ረገድ በሐረሪ ክልል ካሉት ዘጠኝ ወረዳዎች አንዱ የተራራውን ስም ይዞ ሐኪም ወረዳ ይባላል፤ የሚቈጠረውም ከከተማ ወረዳዎች ጋር ነው። ከተማና እርሻ በዚህ ስፍራ ድንበራቸው በጥቂት እርምጃ የሚታለፍ ስለ ሆነ፥ የከተማ ፕላን የሚባለው ነገር በሌላ አገር የመንገድና የቤት ጉዳይ ቢሆን በሐኪም ጋራ ግን አስቀድሞ የእርሻ ጉዳይ ነው። ለእርሻ ሹማምንት መነገር የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ለሕዝብ የተመረጠ ሰው ለመረጡት ጎረቤቶቹ በየጊዜው ወሬ ማምጣት ይገባዋል፤ ይህን የማይቀበል የለም። ነገር ግን የወሬው ዐይነት መመርመር ያሻዋል። ብዙ ጊዜ በስብሰባ የሚነበበው፥ ይህን ያህል ሜትር ድንጋይ በመንገድ ተነጠፈ፥ ይህን ያህል መብራት ተተከለ፥ የቀረውም በሚመጣው በጀት ይሠራል የሚል ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ጥቅምም አለው። ሆኖም የተነጠፈውን ድንጋይ ነዋሪው በእግሩ ረግጦት ስለ መጣ ሳይነገረውም ያውቀዋል። የማያውቀውና ሊሰማው የመጣው ሌላ ነው፤ ይኸውም ቀያሹ በማን ማሳ ላይ ችካል እንደ ተከለ፥ ችካሉም የመንገድ ይሁን የቤት መሥሪያ፥ በላይኛው ሠፈር የሚቈፈረው ቦይ ጎርፉን ወደ ማን እርሻ እንደሚያወርድ፥ ምክር ቤቱም በዚህ ነገር ላይ ተከራክሮ የማን ቃል እንደ ጸና ነው። ይህ ሳይነገር ሲቀር ስብሰባው ይበተናል፤ ክርክሩ ግን አይበተንም፥ ወደ ጫት መቃሚያው ይሄዳል።

ዝምታ በሰው ልብ ቅሬታ ያሳድራል ማለት የተለመደ ነው። የእርሻ ሹም ግን ከቅሬታው ይልቅ ዝምታው በአፈሩ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሊያስብ ይገባዋል። የሐረርጌ ደጋ ቁልቁለት ያለ እርከን አይታረስም። እርከንም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ በክረምት የተናደው ድንጋይ በበጋ ወደ ስፍራው ካልተመለሰ፥ ዝናም በመጣ ቍጥር ክፍተቱ እየሰፋ ቦረቦር ይሆናል። ይህን ድካም በየዓመቱ የሚደክመው ልጁ በዚያ ማሳ ላይ እንደሚያርስ የታመነ ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ለብዙ ትውልድ የቆመው ድንጋዩ ከሌላው አገር ድንጋይ ስለ ተለየ አይደለም፤ የሚጠግነው ሰው ማሳው ለማን እንደሚቀር ያውቅ ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ በተራራ ጎን የሚያርስ ገበሬ «ፕላን መጥቶአል» የሚል ቃል ከደላላ አፍ በሰማ ጊዜ ምን ያደርጋል? እርከኑን መጠገን ይተዋል። ቡን የሚተክል ሰው ፍሬውን ለማየት ሦስትና አራት ዓመት መጠበቅ አለበትና፥ ቡን አይተክልም፤ በአንድ ወቅት የሚታጨድ ማሽላ ይዘራል፥ ያለውንም ጫት ለነገ ሳያስብ ይቈርጠዋል። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት እንዳይሸጥ ቢከለክልም፥ «ከሚወሰድብኝ ልሽጠው» ብሎ ከደላላው ጋር በስውር ይስማማል፤ በማለዳም ሕዝብ ጨረቃ ቤት ብሎ የሚጠራው ጎጆ በማሳው መካከል ቆሞ ይገኛል። ማሽን አንድ ጊዜ ሳይገባበት ተራራው ተራቈተ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው የፕላኑ መሥመር አይደለም፤ መሥመሩ ምናልባት በዚያ ማሳ አጠገብ እንኳ አያልፍ ይሆናል። ያደረገው እርግጠኛ ወሬ አለመኖሩ ነው።

ከተራራ የተራቈተ አፈር ወዴት እንደሚሄድ የሐረር ሰው ሳያውቅ አልቀረም። ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው፥ በቀድሞው አጠራር ዓለማያ የተባለው የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመት ሐረርን ያጠጣ ነበር። በአንድ በኩል ለከተማው፥ በሌላው በኩል ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር ይቀዳ ነበር፤ ዙሪያውን ካሉት ኮረብቶች የወረደው ደለልም ሐይቁን ይሞላው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ለሐረር የሚሆነው ውሃ ከድሬዳዋ ወገን፥ ከድሬ ጃራ ከሚገኙት ጕድጓዶች፥ በሞተር ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ሆነ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር፥ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ስለሚገኙ፥ እያንዳንዱ እንስራ ውሃ ምን ያህል ገንዘብና መብራት እንደሚፈጅ ማሰብ ቀላል ነው። ሐይቁ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዝናምና በሕዝብ ድካም እንደ ገና ውሃ መያዙ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በጠፋበት ዘመን የደረሰው ወጪ አልተመለሰም። የሐኪም ጋራ ጎን አፈሩን ይዞ ዝናሙን ወደ ምድር ውስጥ ሲያሰርገው ከሥሩ ያሉት ምንጮች ይጠቀማሉ፤ ሲራቈት ግን ያው ዝናም ጎርፍ ሆኖ ወደ ከተማው ሠፈሮች ይወርዳል። ተራራው ለሐረር ቢራ ፋብሪካ ጥቁር ቢራ እንኳ ስሙን ሰጥቶ ነበር፤ «ሐኪም» ብለው ካዘዙት ጠጪዎች መካከል ግን ስለ ተራራው የጠየቀ ብዙ አይመስልም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቍጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝቡ ተጠርቶ እንዲወያይበት ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 ደግሞ መሬት ለሕዝብ ጥቅም በሚለቀቅበት ጊዜ ባለይዞታው ከማስረከቡ አስቀድሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ሲቀረው ስለ ሥራው እንዲነገረውና እንዲመከር ደነገገ። ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬም ምትክ መሬት ያልተገኘለት እንደ ሆነ፥ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነው የዓመት ገቢው በአሥራ አምስት እጥፍ ተባዝቶ ካሣ እንዲከፈለው አዘዘ፤ በቀድሞው በ1997ቱ አዋጅ ዐሥር እጥፍ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለ ወጣለት፥ ሹም የሆነ ሰው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማንበብ አለበት።

በዚህ ላይ ማንም ሳያስተውለው የሚያልፍ አንድ ነገር አለ። ካሣው በገቢ የሚሰላ ከሆነ፥ ገቢውን ማስረዳት የሚችል ገበሬ ማን ነው? ጫት በየዕለቱ በእጅ ከእጅ ይሸጣል፤ ደረሰኝ የለውም። ማሽላው በቤት ይበላል። ኮሚቴው መጥቶ «በዓመት ምን ታገኛለህ?» ሲለው ገበሬው ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ይቀንሳል፤ ወይም የካሣውን ነገር በሰማ ጊዜ አብዝቶ ይናገርና የሚያምነው ያጣል። የምክር ቤት አባል በአንድ ዓመት ውስጥ ለጎረቤቶቹ ሊያመጣላቸው ከሚችለው ወሬ ሁሉ የሚበልጠው ምናልባት ይህ ነው፦ የሸጣችሁትን በየሳምንቱ በደብተር ጻፉ፥ ፊደል የማያውቅም ልጁን ያጽፍ፥ የማሳውን ዛፍና እርከን በምስክር ፊት ቍጠሩ የሚል ነው። ይህ ለአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ምንም ወጪ የለበትም። የድንጋይ ንጣፍ ሜትር የሚቈጥረው አንደበት ይህን ለመናገር ለምን ይከብደዋል?

የሚከብድበት ምክንያት አለ፤ ፈጽሞም ከንቱ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሹማምንት፥ ነገሩ አስቀድሞ ከተሰማ ደላላ ይሯሯጣል፥ ገበሬውም ለካሣ ብሎ በአንድ ሌሊት ችግኝ ይተክላል፥ ጎጆም ይሠራል ይላሉ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተሰወረው ፕላን ከማን ተሰወረ? ደላላው ከቀያሹ ረዳትም ከጽሕፈት ቤቱ በርም አስቀድሞ ሰምቶታል። ተሰውሮ የሚቀረው ከሚያርሰው ሰው ብቻ ነው። ስለ ተንኰሉም መድኀኒቱ በተነገረበት ቀን መቍጠር ነው፤ ወሬው ሲነገር የወረዳው የእርሻ ሠራተኛ ከሽማግሎች ጋር መሥመሩን በእግሩ ሄዶ፥ ያለውን ዛፍ፥ ጎጆና እርከን በመዝገብ ካሰፈረ፥ በማግሥቱ የበቀለ ችግኝ ማንንም አያታልልም። ዝምታ ግን ቀኑን ያልታወቀ ስለሚያደርግ፥ እውነተኛውን ባለ ማሳ ከተንኰለኛው ለመለየት የማይቻል ያደርገዋል።

በሐረር ይህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ መሬቱ ረጅም ታሪክ አለውና። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት በጀጎል ዙሪያ የነበረው እርሻ ብዙው የከተማው የሐረሪ ቤተ ሰቦች ይዞታ ነበር፤ ያርሱት የነበሩት ኦሮሞ ገበሬዎች ነበሩ። አዋጁ መሬቱን ለሚያርሰው ሰጠ፤ ከዚያም ወዲህ ሁለቱም ወገን ስለዚያው ኮረብታ የየራሱን ትዝታ ይዞ ይኖራል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ሠፈር ብቻ የተነገረ ወሬ ወደ ሌላው ሲደርስ መልኩ ተለውጦ ይደርሳል፤ «ለእነ እገሌ ሊሰጥ ነው» ይባላል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሐረሪና ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የሚናገረውም በከተማው ብዙ ነው። እንግዲያውስ ያው ወሬ፥ ያው ቍጥር፥ ያው የድንበር ስም በሦስቱም ቋንቋ በአንድ ቀን መነበብ አለበት። በአፎቻ የሚሰበሰበው የጀጎል ሰውና በዕድር የሚሰበሰበው የተራራ ሰው የተለያየ ነገር ሰምተው ከተለያዩ፥ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ማስተባበያ ዋጋ የለውም።

የጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተመሰገነበት ነገር አንዱ በደቡብና በምሥራቅ ወገን ከእርሻው ጋር ያለው ግንኙነት ገና ያልተቋረጠ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ቅርስ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤትና እርሻ የሚያለማው መሥሪያ ቤት በሐኪም ጋራ ጥቅማቸው አንድ ነው፤ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ግን ብዙ ጊዜ አይታዩም። በአገሩ የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ፥ በረኀብ ዘመን ቅዱሳን በዚሁ ተራራ ላይ ተሰብስበው ከጅቦች ጋር ስምምነት እንዳደረጉ ይተርካል፤ በአሹራ በዓል ለጅብ የሚቀርበው ገንፎም የዚያ መታሰቢያ ነው ይባላል። ጅብ እንኳ ተጠርቶ የተመከረበት ተራራ ላይ ገበሬው ሳይጠራ ሲቀር ያሳፍራል።

የወሬው መልክ አጭርና ደረቅ ቢሆን ይሻላል። የተወሰነውና ገና ያልተወሰነው ተለይቶ ይነገር። የምክር ቤቱ አባል ለጎረቤቶቹ ተከራክሮ የተረታበትንም ነገር ሳይደብቅ ይናገር፤ ሰው የተረታ ጠበቃውን ይቅር ይላል፥ የዋሸውን ግን አያምነውም። አቤቱታ የሚቀርብበት መሥሪያ ቤትና የቀኑ ብዛት በጽሑፍ ተሰጥቶ በቀበሌው በር ይለጠፍ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የተሰማ መብት አይጠቅምምና።

ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። የመንግሥት በጀት በሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የምክር ቤት ወሬ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሰኔና በሐምሌ ነው። በዚያ ወራት የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ዘርቶ ጨርሶአል፤ የተናደው እርከን በዝናም ውስጥ አይጠገንም፤ ጎርፉም ወርዶአል። እርከን የሚጠገነው ከመኸር በኋላ በበጋ ነው፤ ማሽላም የሚዘራው በሚያዝያ አካባቢ ነው። ስለ ሐኪም ጋራ መሥመር የሚነገር ነገር ካለ በኅዳር ይነገር፤ ገበሬው ድንጋዩን ከማንሣቱ በፊት ለማን እንደሚያነሣው እንዲያውቅ፥ መሥመሩ የሚነካው ሰውም የአዝመራውን ልክ በደብተሩ ጽፎ የሚያስመሰክርበት አንድ ሙሉ ዓመት እንዲያገኝ።